በግራ እጄ የጻፍኩት የቤት ሥራ

ሐዋሳ፣ ሐሙስ ማታ

ትናንት ማታ የልጄን የቤት ሥራ ሠራሁላት። አገዝኳት ማለቴ አይደለም፤ ሠራሁላት። እሷ እርሳሷን እንደያዘች ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። መብራት ስለጠፋ ስልኬን ብርጭቆ ላይ አስደግፌ በባትሪው ጻፍኩ። በግራ እጄ። በቀኜ ከጻፍኩት ያምራላ፣ ሚስ ትነቃብኛለች።

ሚጡ አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ ዩኬጂ ናት። የታዘዘችው የ«ቀ»ን፣ የ«በ»ን እና የ«ተ»ን ቤት አምስት አምስት ጊዜ፣ ከኤ እስከ ዜድ ካፒታልና ስሞል፣ ከዚያ ደግሞ ከ1 እስከ 50 እንድትጽፍ ነው። ደመርኩት። 207 ሆነ።

«ቀ» ላይ ደህና ነበረች። «በ» ላይ ውኃ ጠማት። ከዚያ ሽንቷ መጣ። ከዚያ እርሳሱ ጠፋ፤ ለካ ተቀምጣበታለች። «ቶሎ በይ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ አጎነበሰችና እርሳሱን ስትጫነው ወረቀቱ ተቀደደ።

የዚህ ዕድሜ ልጅ እጅ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንጓው ላይ ገና ስርጉድ ስርጉድ ነው። ሚጡ እርሳስ የምትይዘው እንደ ማንኪያ በሙሉ መዳፏ ነው። አሥር ፊደል ጽፋ እጇን ታራግፋለች፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ የዋለች ነው የምትመስለው።

አጻጻፏን አውቀዋለሁ። የ«ቄ»ን ቀለበት በግራ በኩል ነው የምታንጠለጥለው። ስለዚህ ሁለት «ቄ» ሆን ብዬ አጣመምኩ። ተንኮሌን እዩልኝ።

ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ስጎረጉር አመሸሁ። ሃሪስ ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ የቤት ሥራና ውጤት ተያይዘው በደንብ የታዩት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ባሉ ተማሪዎች ላይ ነው። በትንንሾቹ ላይ ዝምድናው ደከም ያለ ነው። እዚያው አሜሪካ የ10 ደቂቃ ደንብ የሚሉት ነገር አለ፤ ለ1ኛ ክፍል በቀን 10 ደቂቃ፣ ለ2ኛ ክፍል 20፣ እያለ ይወጣል። ሚጡ ገና ክፍል የላትም። ዜሮ ሲባዛ በ10 ስንት ነው? እኛ ትናንት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጅተናል። ያቺ በፈተና የምናውቃት ቻይና እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ አስቀርታለች። እኛ አገር 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ወዴት ነው?

አባቴ ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። 231ዱንም በስንደዶ እየጠቆመ፣ እየጮኸ ነው የለየው። ቤት ሲገባ ጥጃ ይጠብቃል እንጂ ደብተር የለውም። (ዱላውንም አይረሳውም፣ ስለዚህ ያንን ዘመን ብዙ አላደንቅም።)

ዛሬ ልጄን ላመጣ ስሄድ በር ላይ ሚስን አገኘኋት።

«የቤት ሥራው አልበዛም?» አልኳት።

ሳቅ አለች። «እርስዎ እኮ ነዎት መስከረም ላይ ‹ደብተሯ ባዶ ነው፣ ምን እያስተማራችኋት ነው?› ብለው የመጡት።»

ክው አልኩ። እውነቷን ነው። ያኔ የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ደብተር ጨርሶ ነበር። የሚጡ ደብተር ውስጥ ያለው አንድ ፀሐይና አንድ ዶሮ ነው፤ ዶሮዋም አራት እግር አላት። በየወሩ የምከፍለው ብር የት እንደገባ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር። በቀለም ተሞልቶ፣ ራይት ተደርጎበት።

«ቀንሱ የሚለኝ ወላጅ አንድ ሁለት ቢሆን ነው» አለች ሚስ። «ጨምሩ የሚለኝ ግን ብዙ ነው።» የትናንቱን ማን እንደጻፈው ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ባጃጅ ውስጥ ሚጡ ደብተሯን አወጣች። ስታር አግኝተናል። ገጹን ትንሽ አየችውና ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«ማሚ፣ እኔ እኮ ‹ቄ›ን አሁን አልሳሳትም።»

መቼ አስተካከለችው? በየማታው አጠገቧ ነበርኩ። ግን የማየው ገጹ መሙላቱን ነው፤ ምን እየጻፈች እንደሆነ አላይም። «ይቅርታ የኔ እናት» አልኳት። እሷ ግን ትታኝ ሄዳለች፤ ከፊታችን የሚሄደው ባጃጅ ጀርባ ላይ «ጊዜ ለኩሉ» ተጽፏል።

«‹ጊ›! የ‹ገ› ሦስተኛ!» ብላ ጮኸች።

ሹፌሩ በመስታወት አያት። «ጎበዝ! ያቺስ?» ብሎ የፋርማሲ ታፔላ ጠቆማት። «ፋ!» አለች። ከዚያ የልብስ ስፌት፣ ከዚያ የዓሣ ቤት። «ዓ» ላይ ተጣሉ። እሱ «አ» ነው አላት፣ እሷ «አይ፣ ዓይኑ ዐ ነው፣ አራተኛው» ብላ ድርቅ አለች። ሰውየው ፍሬን ይዞ ሳቀ። እኔም ቤታችንን አልፈን መሄዳችንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የቤት ሥራ ነው ያለኝ ማንም የለም፣ እሷም አላወቀችም።

ዛሬ ደግሞ የታዘዘው «ቸ» ነው፣ አሁንም አምስት ጊዜ፣ ከነቁጥሩ። ስልኬን 10 ደቂቃ ላይ ሞላሁት። ከ«ቸ» እስከ «ቾ» አንድ መስመር ጻፈች፣ ሰባቱንም። ስልኩ ሲጮህ ደብተሩን ዘጋሁ። ግራ ገብቷት አየችኝና ተነስታ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ታስተምራቸው ጀመር። ትቆጣለች ደግሞ፤ «ቶሎ በይ እንጂ!» ትላለች። ከማን እንደተማረችው ግልጽ ነው።

ኮሙኒኬሽን ቡኩን ከፈትኩና «አንድ መስመር ጽፋለች። የቀረውን ባጃጅ ውስጥ አንብባለች» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ እጄ።