የባቡር መሐንዲሶቹ ጋ ደረስኩ

ባለፈው ስለ ፎን ቲዩነን እርሻዎች ጽፌላችሁ ነበር፤ በከተማ ዙሪያ ምን የት ቢዘራ እንደሚያዋጣ ያሰላው ጀርመናዊ ነው። አሁን ፋብሪካና መስመር የት ቢሆን እንደሚያዋጣ ቀድመው ያሰቡት የባቡር መሐንዲሶች ጋ ደርሻለሁ። ከቦታ ኢኮኖሚክስ (ምን ሥራ የት ቦታ ቢሆን እንደሚያዋጣ ከሚያጠናው ዘርፍ) ታሪክ እስካሁን እንደዚህ የያዘኝ የለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካ የት ቢተከል ያዋጣል ሲባል ቶሎ የሚጠራው ጀርመናዊው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ቬበር ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1909 ነው። ግን ቪልሄልም ላውንሃርት የሚባል ጀርመናዊ ጥያቄውን በ1882 በሂሳብ ሠርቶታል። ሰውዬው ሃኖቨር ውስጥ የመንገድ፣ የባቡርና የድልድይ ሥራ ያስተምር ነበር። የባቡር መስመር በየት ቢያልፍ እንደሚያዋጣ ደግሞ ገና በ1872 ጽፏል።

ማዕድኑ አንድ ቦታ፣ ከሰሉ ሌላ ቦታ፣ ገበያው ሦስተኛ ቦታ ነው እንበል። ብረት ማቅለጫው የት ይተከል? በእጄ ልሞክረው ብዬ ካርቶን ሁለት ወንበር ላይ አጋደምኩና ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። በየቀዳዳው ክር አሾልኬ ከላይ አንድ ላይ ቋጠርኳቸው። ከታች በየክሩ ጨው የያዘ ከረጢት አንጠለጠልኩ። የሚጫነው ቶን በበዛበት በኩል ከረጢቱም ይከብዳል። ቋጠሮውን ስለቀው ትንሽ ዋለለና ቆመ። የማጓጓዣው ወጪ ከሁሉም የሚያንሰው እዚያ ነው። ቀጥዬ የከሰሉን ከረጢት ከሁለቱ ድምር በላይ አከበድኩት። ቋጠሮው እየተጎተተ ሄዶ ከሰሉ ቀዳዳ ላይ ተለጠፈ። ማቅለጫዎች ከሰል አጠገብ ለምን እንደተኮለኮሉ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ስትሞክሩ ክሩን ሻማ ቀቡት፤ አለዚያ ቀዳዳው ይይዘዋል።

ይህን ለማሰብ መሐንዲሶቹ ለምን እንደቀደሙ ሳስበው አይገርመኝም። እነሱ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር የሚያዩት በገንዘብ ነው። መስመሩን ወደ ከተማዋ ካጠመሙት ሀዲዱ ይረዝማል፤ ካላጠመሙት ከተማዋ ትቀራለች። አንዴ ከተነጠፈ ደግሞ ማንሳቱ ቀላል አይደለም።

ላውንሃርት በ1885 መጽሐፉ ሁለት ሻጮች ዋጋና የማጓጓዣ ወጪ ተደምሮ ገበያውን እንዴት እንደሚካፈሉም አስልቷል። ያን ክፍል ገና እየሠራሁት ነው፤ ሂሳቡ ጠንከር ይላል።

ከእሱ በፊት ደግሞ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሊዮን ላላን አለ። የባቡር መስመሮች ሲበዙ ሦስት ማዕዘን እየሠሩ እንደሚሄዱ፣ ትልልቅ መገናኛዎች ላይም ስድስት መስመር እንደሚገጥም በ1863 ጽፏል። ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ምሁር ቫልተር ክሪስታለር ከተሞችን በስድስት ጎን ቅርጽ የደረደረው ግን ዘግይቶ በ1933 ነው። አሁን የሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን እየሣልኩ ነው፤ ያነበበ ካለ አብረን እንሥራው።