በኬሞ መካከል ወደ ሉርድ

ሉርድ በፈረንሳይ ያለች፣ እመቤታችን ቤርናዴት ለምትባል ልጅ በዋሻ ተገለጠችባት ተብሎ የሚታመን የካቶሊካውያን የመንፈሳዊ ጉዞ ከተማ ናት፤ ሕሙማን ወደ ዋሻዋና ወደ ምንጯ ይሄዳሉ። በካንሰር ኬሞ ሕክምና ላይ ላለ ሰው የሉርድ ጉዞ የሚጀምረው ከሐኪሙ የቀጠሮ ካርድ ነው። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ከተሰጡ በኋላ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነጭ የደም ሴል እጅግ ይወርዳል። ስለዚህ ጉዞዬን ያደረግኩት ከዚያ በኋላ፣ ቀጣዩ ዙር ሳይመጣ ነው። ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ስለሚለያይ ሐኪሙን “ለኢንፌክሽን በጣም የምጋለጠው መቼ ነው?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። “መሄድ እችላለሁ?” ብቻ ካሉት “ይቻላል” ብሎ ያሰናብታል፤ ከዚህ መልስ ደግሞ ቲኬት አይቆረጥም። ኦገስት 15፣ የእመቤታችን ዕርገት ሰሞን፣ ሕዝቡ ስለሚበዛ አይመከርም። በክረምታቸው ደግሞ ብዙ ሆቴሎች ይዘጋሉ።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ወረቀቱ ቪዛ ያስገኛል እንጂ ካንሰሩን ይሸፍናል ማለት አይደለም፤ “ነባር በሽታ” የሚለውን አንቀጽ ሳያነቡ አይፈርሙ። መድኃኒቱ በሙሉ ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ይያዝ። የሐኪሙ ደብዳቤ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን የንጥረ ነገሩን ስም ይጻፍ፤ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ ካለ መጠኑም በደብዳቤው ይግባ። ከፓሪስ በፈጣን ባቡር ወደ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ ከጣቢያው ወደ መቅደሱ የሚወስደው ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ይሆናል፤ ለመልሱ ታክሲ ያስቡ።

ነርስ ለሚያስፈልገው ሕሙም “አኬይ ኖትር ዳም” እና “አኬይ ማሪ ሴን ፍሬ” የሚባሉ ማረፊያዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት ከሀገረ ስብከት ጉዞ ጋር የመጣን ሰው ስለሆነ፣ አውሮፓ ያላችሁ መጀመሪያ ቆሞሳችሁን ጠይቁ።

መርሐ ግብሩ የጤነኛ ሰው ነው። ዋሻው፣ ኑዛዜው፣ የመስቀል መንገዱ፣ ቅዳሴው፣ ሁለቱ ዑደቶች በአንድ ቀን ከተሞከሩ ሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ ያልፋል። የያዝኩት ደንብ በቀን አንድ ዋና ነገር፣ ከምሳ በኋላ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ነው። የቅዱስ ቁርባን ዑደት የሚጀምረው በእነሱ 17፡00፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ የማታው የጧፍ ዑደት 21፡00፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። በሁለቱ አቆጣጠር መምታታት ቀላል ነውና በስልክ ላይ ማንቂያ ይሞላ።

በራስ እግር መሄድ ቢቻልም ዊልቸር መቀበል ይሻላል። የሚገፉት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ሥራቸውን ያውቁታል። እኛ በሽታን ለጎረቤት እንኳ ደብቀን እንኖራለን፤ እዚያ ግን ሕሙማን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ካህኑም ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ በመካከላቸው እያለፈ ይባርካል። ለእኔ ሰላም የመጣው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ፀጉሬ ለምን እንደረገፈ ማስረዳት የማያስፈልገኝ ሌላ ቦታ እምብዛም የለም።

ስለ ውሃው ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ምንጩ የታየው በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1858 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመት ሲመረመር የተለየ የፈውስ ንጥረ ነገር አልተገኘበትም። ሙቀቱ 12 ዲግሪ ያህል ነው። ደረቱ ላይ የመድኃኒት ማስገቢያ ቱቦ ወይም ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም፤ እጅና ፊት መታጠብ፣ መጠጣትም ይበቃል። እንደ ጠበል ቦታ “መድኃኒቱን ተው” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የቤተ መቅደሱ የሕክምና ቢሮ ራሱ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች እየተመራ እንደሚሠራ ንገሩት። ከ7,000 በላይ ፈውስ ተነግሮ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለችው 72 ብቻ ነው። ምንጩን የቆፈረችው ቤርናዴት እንኳ በ35 ዓመቷ ታማ ሞታለች። ቤተሰብ “ድነህ ና” ብሎ ሲሸኝ ይህን አስቀድሞ መንገር ሸክም ያቀላል።

ቀንዲል፣ ካህኑ ሕሙማንን በዘይት የሚቀባበት ምሥጢር፣ ለሚሞት ሰው ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በጽኑ ለታመመ ሁሉ ነው፤ በሽታው ሲብስም ይደገማል። እዚያ በሚቀደስበት በላቲን ሥርዓት ከቁርባን በፊት ያለው የአንድ ሰዓት ጾም ሕሙማንን አያስገድድም፤ ማስታወክ የሚያስታግሰውን ኪኒን ከምግብ ጋር የሚወስድ ሰው ቅዳሴ በደረሰ ቁጥር መጨነቅ የለበትም።

ቴርሞሜትር አይረሳ። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ በፈረንሳይ 15 ወይም 112 ይደወላል፤ ሐኪም ሳያናግሩ ፓራሲታሞል መዋጥ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል። ለዘመድ የሚመጣው ውሃ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ ከተያዘ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነው ጠርሙስ በብዙ አየር ማረፊያዎች ፍተሻው ላይ ይቀራል።