«ሚዛን፦ ጥሩ» ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

በፊዚዮቴራፒ ሙያ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት ካስተናገድኳቸው አረጋውያን ሁሉ በአካል ብቃታቸው እጅግ ያስደነቁኝ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ እሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ በጉልበት ሕመም ምክንያት የመጡ የ71 ዓመት ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው። በሥራዬ ላይ ከፈጸምኳቸው ስሕተቶች መካከል እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም በእርሳቸው ካርድ ላይ የተጻፈው ነው። ስማቸውን መጥቀስ አይገባኝም፤ ያን ጊዜም «ጋሼ» ነበር የምላቸው፣ እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ወደ ምርመራው ክፍል የገቡት ቱታ ለብሰው፣ የስፖርት ጫማቸውን አጥብቀው አስረው ነበር። በሥራ ዘመናቸው መንገድ የሚቀየስበትን ገደልና ሸለቆ በእግራቸው ሲያካልሉ እንደኖሩ፣ ከጡረታ በኋላም በሳምንት አምስት ቀን ገና ሳይነጋ መስቀል አደባባይ ሄደው ለአንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብለው እንደሚራመዱ፣ እርከኖቹንም እንደሚወጡና እንደሚወርዱ አጫወቱኝ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ስኳሩ ከተገኘባቸው 12 ዓመት ሆኖታል፤ ክኒናቸውን ግን አዛንፈው አያውቁም። ወደ እኔ ያመጣቸው ከእርከኑ ሲወርዱ ቀኝ ጉልበታቸውን የሚቆረጥማቸው መሆኑ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ጉልበቴን ብቻ አስተካክዪልኝ፤ ሌላው አካሌ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው» አሉኝ። የጭናቸውን ጡንቻ በእጄ ተጭኜ ስሞክረው እውነትም አልበገር አለኝ።

በክሊኒካችን አሠራር ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ታካሚ በማናቸውም ምክንያት ቢመጣ ሚዛኑን መጠበቅ መቻሉ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው፦ ታካሚው ከወንበር ይነሣል፣ 3 ሜትር ይራመዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፤ ይህን ለመፈጸም 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የፈጀበት ሰው ለመውደቅ የተጋለጠ ነው ተብሎ ይያዛል። ጋሼ በ8 ሴኮንድ ጨረሱት፤ ተመልሰው ሲቀመጡም «ልድገመው?» እያሉ ይስቁ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ፍጥነት የማያድንበት፣ በመቆም ብቻ የሚሠራ ፈተና ነው፦ ሁለቱን እግር ጎን ለጎን ገጥሞ መቆም፣ አንዱን እግር ግማሽ ያህል አስቀድሞ መቆም፣ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ፊት አድርጎ በአንድ መስመር መቆም፣ በመጨረሻም በአንድ እግር መቆም፤ እያንዳንዱ ለ10 ሴኮንድ። ይህን አላሠራኋቸውም። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው በዝቶብኝ ነበር ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ይሉኝታ ነው። የመስቀል አደባባይን እርከን በየማለዳው የሚወጡ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው «እስቲ በአንድ እግርዎ ይቁሙልኝ» ማለት እንደ ሕፃን ማጫወት መስሎ ተሰማኝ። ካርዳቸው ላይ «ሚዛን፦ ጥሩ» ብዬ ጽፌ ወደ ጉልበታቸው ተመለስኩ።

አንድ ነገር ግን ዐይኔ ሥር አልፏል። ጋሼ አልጋው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ቆመው ጫማቸውን ሲያወልቁ ግራ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነበር፤ ካልሲያቸውን ሲስቡም መዳፋቸው ከግድግዳው አልተነሣም። ጣቶቻቸው ተዘርግተው፣ የጣቶቻቸው ጫፍ ከመጫን ብዛት ነጣ ብሎ አሁንም ይታየኛል። በጊዜው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ቆሞ ካልሲ ማውለቅ በአንድ እግር መቆም ነው፤ እኔ ለማሠራት ያፈርኩትን ፈተና እርሳቸው ሳይጠየቁ ፊቴ ሠርተው መውደቃቸውን ልብ አላልኩም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጉልበታቸው ደህና እየተሻለው ሳለ፣ ከቀጠሮ ቀሩ። በሳምንቱ ሲመጡ ቀኝ እጃቸው ከመዳፋቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ታሽጓል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም እንደ ልማዳቸው ሲነሡ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ባለቤታቸውን ላለመቀስቀስ ብለው የስልካቸውን መብራት እንኳ ሳያበሩ፣ በድቅድቁ ጨለማ ቆመው የቱታቸውን ሱሪ አንዱን እግር አጥልቀው ሁለተኛውን ሲያነሡ ሚዛናቸውን ሳቱ። ግድግዳው በወዲያኛው በኩል ነበር። ሲወድቁ በእጃቸው ስለተመረኮዙ ከእጃቸው አንጓ ከፍ ብሎ አጥንታቸው ተሰበረ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ የሙያ ባልደረባ፣ የተሰበረው ዳሌያቸው አለመሆኑን ስሰማ ሐዘንና እፎይታ ለምን እንደተደባለቁብኝ ይረዳኛል። «ገደል ለገደል ስዞር ያልወደቅሁትን ሰውዬ ሱሪ ጣለኝ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

የዚያን ዕለት አስቀድሜ የደም ግፊታቸውን እንደተጋደሙ፣ ቀጥሎም ከቆሙ በኋላ ለካሁ። አንድ ሰው ከተነሣ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ስለሚወስደው ክኒን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ግድ ይሆናል፤ የእርሳቸው ግን አልወረደም። «ያዞርዎታል እንዴ?» ስላቸውም «ኧረ ጭው እንኳ ብሎብኝ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ያፈርኩበትን ፈተና አሠራኋቸው። እግራቸውን ገጥመው 10 ሴኮንድ ቆሙ፤ አንዱን ግማሽ አስቀድመው ሲቆሙም እየተወዛወዙ ጨረሱ። በአንድ መስመር ሲቆሙ ግን በ4ኛው ሴኮንድ እግራቸው ወደ ጎን ሸሸና ከጀርባቸው በዘረጋሁት እጄ ደገፍኳቸው። በአንድ እግር ቀኙ 3 ሴኮንድ፣ ግራው 2 ሴኮንድ ያዘላቸው። ወደ ቀላሉ አቋቋም ተመልሰው፣ እግራቸውን ገጥመው ዐይናቸውን እንዲጨፍኑ ባደርግ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዙ ጀመር።

አልጋው ላይ አጋድሜያቸው፣ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ፣ በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጠውን የናይሎን ክር ውስጥ እግራቸው ላይ እያሳረፍኩ ሲሰማቸው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። በአውራ ጣታቸው ሥር ክሩ ሦስት ጊዜ አርፎ ሦስት ጊዜ ጎበጠ፤ ጋሼ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። በመጨረሻ «ምነው ልጄ፣ አልጀመርሽም እንዴ?» አሉኝ።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ወገን ለአንጎል በሚደርስ ወሬ ነው፦ ከዐይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያዎች። ለዓመታት የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሦስተኛው ወሬ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አንጎልም ሥራውን ቀስ በቀስ ለዐይን ያስረክባል። ይህ በብርሃን አይታወቅም፤ ባለቤቱም ራሱ አያውቀውም። ያን ሌሊት ዐይናቸው ሲጨልም ለጋሼ የቀራቸው የጆሮ ወሬና የደበዘዘው የእግር ወሬ ብቻ ነበር። የየማለዳው ጉዞ ለምን አላዳናቸውም ለሚል፣ በፈጣን እርምጃ አንዱ እግር ብቻውን አካልን የሚሸከመው ግማሽ ሴኮንድ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ አካል ሊያዘነብል ሲል ቀጣዩ እርምጃ ደርሶ ይቀበለዋል፤ ጉዞውም ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አይደለም። ጉዞው ልባቸውን፣ ሳንባቸውንና ጭናቸውን አጠንክሯል፤ ያልተለማመዱትን ግን ሊሰጣቸው አይችልም። የ8 ሴኮንዱም ፈተና ከዚሁ ወገን ነው። ደካማውን ከጠንካራው ይለያል፤ እንደ ጋሼ ያሉ ጠንካሮችን እርስ በርስ ለመለየት ግን አቅም የለውም፤ በፍጥነታቸው ያልፉታል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፈተና ማለፋቸውን አይቼ ነበር «ጥሩ» ያልኩት።

ካርድ ላይ የተጻፈ ነገር አይፋቅም። «ጥሩ» የሚለው ላይ አንድ መስመር አስምሬ፣ ቀኑንና ፊርማዬን አኑሬ፣ ከሥሩ ሴኮንዶቹን ጻፍኩ። ለጋሼም የመጡ ዕለት ይህን ማሠራት እንደነበረብኝና እንዳላሠራኋቸው ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ያን ቀን ብትጠይቂኝ እሺ የምል ይመስልሻል?» አሉ፤ ነገሩን ለማቅለል ብለው እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። በሳምንታዊው ስብሰባ ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ሳቀርብ ከሁላችንም በዕድሜና በልምድ የምትበልጠው ባልደረባችን «ቃል የሚጻፍበት ቦታ ስላለ ነው ቃል የጻፍሽው» አለችኝ። ቅጹ ተቀየረ፤ «ሚዛን» ከሚለው ፊት ሴኮንድ ብቻ የሚሞላባቸው አራት ባዶ ቦታዎች ገቡ። አሁን አረጋዊ ታካሚ ሲያፍር ወረቀቱን አሳየዋለሁ፤ የጠየቀው ወረቀቱ ስለሆነ እርሱም አይቀየመኝም፣ እኔም አላፍርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከሌላው እንቅስቃሴ በተጨማሪ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያሠለጥን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመክራል። የጋሼን ልምምድ በዚሁ ልክ አዘጋጀሁ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ውስጥ፣ ፊታቸው ወንበር አቁመው በአንድ መስመር መቆም፤ በወንበር እየተረዱ በአንድ እግር መቆም፤ ወደ ጎን መራመድ፤ እጃቸውን ሳይጠቀሙ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣት፤ ሲጠና ደግሞ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሆነው ዐይን ጨፍኖ መቆም። ሴኮንድ የሚቆጥሩላቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ «እርሷ ስትቆጥር ሴኮንዱ ይረዝማል» ብለው ሁልጊዜ ይከሱልኝ ነበር። ስለ እግራቸው ነርቭ ለስኳር ሐኪማቸው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ልምምዱ የደበዘዘውን ስሜት እንደማይመልስ፣ የቀረውን ግን እንደሚያነቃ በግልጽ ነገርኳቸው፤ የእግራቸውን መዳፍም በየማታው በመስታወት እንዲያዩ አሳሰብኳቸው።

የተቸገርኩት በምርኩዝ ጉዳይ ነው። ለጊዜው ሌሊት ሲነሡ እንዲይዙ ብላቸው ፊታቸው ተለወጠ። እኚሁ ሰው እሑድ እሑድ መቋሚያ ተደግፈው ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ያንን የድካም ምልክት ነው የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ምርኩዝ የሚለውን ቃል ትቼ፣ መቋሚያው ከነጠላው አጠገብ ከሚሰቀል ይልቅ ከአልጋው ራስጌ፣ ከባትሪው ጋር ቢቀመጥ ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። አሰቡበትና «ስቀይስበት የኖርኩት መሣሪያ እንኳ ሦስት እግር ነበረው፤ በሁለት እግሩ የሚቆም አይቼ አላውቅም» ብለው ተቀበሉኝ።

ሰኔ ላይ ጀሶው ከወለቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ ወደ መስቀል አደባባይም ተመልሰዋል፣ የሚሄዱት ግን ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው። በአንድ መስመር መቆሙን 10 ሴኮንድ ሞሉት። በአንድ እግር ቀኙ 9፣ ግራው 6 ሴኮንድ ሆነ፤ አራቱንም ባዶ ቦታ ሞላሁ። «ግራው ይቀረዋል» አልኳቸው። «ይቀረው፣ ገና እንቆጥርበታለን» አሉና ወንበሩን ስበው ተቀምጠው ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።