የእሷ ለነፍስ፣ የኔ ለቦርጭ

ዛሬ ረፋዱ ላይ ጣና ዳር ወክ ሳደርግ የዓሣ ጥብሱ መዓዛ ሆዴን አስጮኸው። ቻልኩት። በሰዓት የተገደበ ጾም (ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ) ይዣለሁ፤ የምበላው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን 16 ሰዓት ውሃና ስኳር የሌለው ቡና።

እማዬ "ምነው ልጄ፣ በፍስኩ ምን አስጾመሽ?" ትለኛለች። የእሷ ጾም ለነፍስ ነው፣ የኔ ለቦርጭ!

ምግብ ሲርቅ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) ይወርዳል፤ ሰውነት ወደ ስቡ ይዞራል። ተአምር ግን የለውም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ እንጀራውን በሽሮ ደራርቤ ከበላሁ፣ ኪሎው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጥናቶችም ካሎሪ ከመቀነስ ያን ያህል የተለየ ውጤት አላገኙበትም። ለእኔ የጠቀመኝ የማታ መክሰሱን ማስቀረቱ ነው፤ ቆሎ ስቆረጥም ነበር የማመሸው።

ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡና የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት።