መጨረሻውን ሳላይ የጻፍኳቸው ሂሶች

አንድ ነገር ልናዘዝ። ድሮ የቴአትር ሂስ እጽፍ ነበር። ቤቴ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ማታ ከብሔራዊ ቴአትር ወጥቶ ታክሲ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የዚህ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ መጋረጃው ሳይዘጋ ሹልክ ብዬ የወጣሁባቸው ቴአትሮች አሉ። ሂሱን ግን ጽፌያለሁ፤ "አጨራረሱ ላላ" ብዬ ሁሉ።

አሁን ዕዳው ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ሰፈር አንዲት አዳራሽ ውስጥ 11 ልጆች ይዤ ተውኔት አዘጋጃለሁ። ድርሰቱም የራሴው ነው። ሃያሲው ደግሞ ከውስጤ አልወጣም ብሎ ያስቸግረኛል።

ባለፈው ዋናዋ ተዋናይ ጥግ ይዛ አልነቃነቅ አለች። "ምነው?" ስላት፣ "ጋሼ፣ መሃል ላይ ጣውላው ይሰምጣል" አለችኝ። ሄጄ ረገጥኩት፤ እውነቷን ነው። እኔ እኮ ስንቱን አዘጋጅ "የመድረክ እንቅስቃሴው ተቀዛቅዟል" እያልኩ ወርጄበታለሁ! አንድም ቀን ልምምድ ገብቼ አላየሁም።

ልጆቹ አንድ ሰው ድርሰትም ዝግጅትም ይችላል ወይ ሲሉኝ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን አነሳሁላቸው። የአምቦ አካባቢ ልጅ ነው፤ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶለታል። ሕግ ተምሮ እንኳ ልቡ ወደ መድረኩ ሄደ፤ አውሮፓ ተሻግሮ ለንደን ሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ በሚባሉ ቴአትር ቤቶች ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ከውስጥ አየ። ተመልሶ ጻፈ፣ አዘጋጀ፣ ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ አናገረ፣ ብሔራዊ ቴአትርንም መራ። ተስፋዬ ገሠሠም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መጥቶ ተወነ፣ ጻፈ፣ አዘጋጀ፣ ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊንም በኃላፊነት መራ። ለነገሩ እኔን የሚያስቀናኝ ዝናቸው አይደለም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያሳለፉት ሰዓት ነው። ያቺን ሰዓት ሳልከፍል ነበር ብዕር ያነሳሁት።

ልጆቹ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ ሰዓቱን አየና "ጋሼ፣ ታክሲ ሊያልቅ ነው" አለ። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እብስ! ልምምድ ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን፣ የመጨረሻውን ትዕይንት ግን አንድ ቀን እንኳ አልደረስንበትም።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከመጨረሻው ነው የምንነሳው። ጣውላውን ደግሞ ዛሬ ራሴ እመታዋለሁ፤ ሚስማር ገዝቻለሁ።