ቴምሩ ለበጎቹ፣ ሽፈራው ለዶሮዎቹ፦ የመኖ ሙከራዬ እዚህ ደርሷል

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ጠባብ ግቢያችን እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና ለበዓል የሚሞከቱ በጎች አሉን። የፋብሪካ መኖ ሲወደድ ዓይኔ መርካቶ ላይ አረፈ። እዚያ በየቀኑ ከሚጣለው ውስጥ ስንቱ መኖ ይሆናል? በመጨረሻ የገባኝ ግን ሌላ ነው፤ መኖው ርካሽ ነው ወይ ከማለት በፊት የሚበላው ሆድ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ብዙዎቻችሁ ስለ ፓልም ትጠይቁኛላችሁና ከእሱ ልጀምር። ወጥ የምንሠራበት የፓልም ዘይት በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣ ነው። የውስጠኛው ፍሬ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ በውጭ አገር ትልቅ የመኖ ንግድ ሆኗል፤ የኒውዚላንድ ወተት አርቢዎች ሳር ሲያጥራቸው የሚደግፉት በእሱ ነው። ፕሮቲኑ ከ14 እስከ 18 ከመቶ ይደርሳል። አሰሩ ግን ብዙ ነው፤ ማናን የሚባለውን ክፍሉን ደግሞ ዶሮ መፍጨት አትችልም። ላምና በግ ስለሚያመሰኩ ይጠቀሙበታል። ሆኖም በግ ካላችሁ ተጠንቀቁ፦ የፓልም ፋጉሎ መዳብ ይበዛበታል፣ በግ ደግሞ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ በመዳብ በቀላሉ ይመረዛል። በዚሁ በመዳቡ ምክንያት የዶሮ መኖ ሲተርፍ ለበግ መስጠት ፈጽሞ ልክ አይደለም።

ፓልም የሚገኝበትን የዘይት ዘንባባ እኛ አገር በስፋት ስለማናመርት እኔ ወደ ዘመዱ፣ ወደ ቴምር ዞርኩ። ረመዳን ሲገባ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቴምር እንደ ጉድ ይሸጣል፤ ውስጠኛው ፍሬ ግን ይጣላል። ጎረቤቶቼ ለእኔ ማጠራቀም ከጀመሩ ወዲህ የፍሬ ችግር የለብኝም፤ አላህ ይስጣቸው። በዓረብ አገሮችና በሰሐራ ዳርቻ ይህንኑ ፍሬ ዘፍዝፈው ወይም ፈጭተው ለግመልና ለበግ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። እኔም አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ሰባብሬ በሙቀጫ እፈጫለሁ። ሳይፈጭ አልሰጥም፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ እንዳለ ቢዋጥ አደጋ አለው። ሻጋታ ያየሁበትን ሁሉ እጥላለሁ።

በጎቹ ከፉርሽካና ከገለባ ጋር ሳደባልቅላቸው ያለ ማንገራገር ይበሉታል። መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀስ በቀስ ጨመር እያደረግኩ ነው ያለማመድኳቸው። ፋጉሎን ይተካል ብላችሁ ግን እንዳትጠብቁ፤ የፍሬው ፕሮቲን ከ5 እስከ 7 ከመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የሚሰጠው ጥቂት ስብና ጉልበት ነው። ስለዚህ የኑግ ፋጉሎው ከገበታቸው አልወጣም።

ስለ ኑግ ፋጉሎ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ጥናት በሰበሰባቸው የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ብክለቱም ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ነበር። መርዙ የሚመጣው ከሻጋታ ነው። በማፍላትም አይጠፋም፤ ላሟ ከበላችው በወተቷ በኩል ልጆቻችን ዘንድ ይደርሳል። በተለይ ክረምት ላይ የእኛ ሰፈር ቤቶች እርጥበት ይይዛሉ። ስለዚህ ጆንያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ እንጨት ይኑር፣ ከግድግዳም ይራቅ። ለወራት የሚሆን ኩንታል ከመከመር ጥቂት ጥቂት እየገዙ ትኩሱን መጠቀም እጅግ ይሻላል።

ወደ ዶሮዎቹ ስመለስ፣ እነሱን ያገለገለኝ ሽፈራው (ሞሪንጋ የሚባለው ዛፍ) ነው። የኮንሶ ሰዎች ቅጠሉን ራሳቸው ይመገቡታል፤ ፕሮቲንም፣ ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ካሮቲንም አለው። አገራችን የሚመረተው በቆሎ በአብዛኛው ነጭ ስለሆነ የእንቁላላችን አስኳል ገርጥቶ ይወጣል፤ ደንበኛ ደግሞ የሐበሻ እንቁላል ቀለም ይፈልጋል። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቄ ዱቄቱን ከመኖው 5 ከመቶ ያህል ቀላቀልኩ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ካሮቲኑ ይጎዳል። አስኳሉ ቀስ በቀስ ጠቆር ያለ ቢጫ ሆኗል፤ ፒያሳ ያለችው የቁርስ ቤት ደንበኛዬ ሳልነግራት ነው ያስተዋለችው። በተረፈ ሽፈራውም ቢሆን የኖራ ድንጋዩን አያስቀርም፤ ጣይ ዶሮ ከመኖዋ 4 ከመቶ ገደማ ካልሲየም ካላገኘች ቅርፊቱ ይሳሳል።

አሁን የቸገረኝ ማስፈጫ ነው። የሰፈሩ ወፍጮ ቤቶች የቴምር ፍሬ ድንጋዩን ይጎዳብናል ብለው አይቀበሉም፣ በሙቀጫ ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል። ከመርካቶ እስከ ልደታ ባለው ውስጥ የመዶሻ ወፍጮ (በድንጋይ ሳይሆን በሚሽከረከሩ መዶሻዎች የሚፈጭ) ያለው ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ የሚቀጥለው ረመዳን ሳይገባ ማስተካከል እፈልጋለሁ።