ሁሉም ነገር በተበላሸበት የካምፒንግ ጉዞ ሌሊቱን እንዴት አተረፍነው

ልጆች ይዞ ካምፒንግ የሚወጣ ሰው ከቀኑ ይልቅ ስለ ሌሊቱ ያስብ። እኔ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቀን ላይ የሚበላሽ ነገር ያናድዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ጎማ ይፈነዳል፣ ይቀየራል። ምግብ ይደፋል፣ ሌላ ይበላል። ማታ ግን ቤተሰቡ ረጥቦና በርዶት ካደረ፣ ጠዋት ላይ ማንም ማንንም ለመርዳት አቅም አይኖረውም።

የወጣነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሁለቱ ልጆቻችን ነበርን። ትልቋ አስር ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና አምስት። የአየር ትንበያው ደህና ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብን፣ መጠባበቂያውን ቀየርን፣ እሱን ስንል ጊዜው ሄደ። መኪናው ኋላ የጫንነው የውሃ ጀሪካን ደግሞ ክዳኑ ላልቶ ግማሹ ፈሶ ጠበቀን። ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራትም፣ ሰማዩም ጠቁሯል።

ጅረቱ አጠገብ ለጥ ያለ ሜዳ አለ። ሳሩ ለስላሳ ነው፣ ለመኪናውም ቅርብ ነው። ሁላችንም ደክሞን ስለነበር ዓይናችን እዚያው አረፈ። እናቴ ግን ወርዳ ዙሪያውን ስትቃኝ ቆየችና «ለጥ ስላለ አትመኙት፣ ውሃም የሚፈልገው ለጥ ያለ ቦታ ነው» አለች። ጎንበስ ብላ ሳሩ ላይ በመስመር የተኛ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል አሳየችን። ጅረቱ ሲሞላ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ሲጎድል ጥሎት የሄደው ነው። እስከዚያ መስመር ድረስ ውሃ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ተሸክመን ዳገቱን ትንሽ ወጣን። ልጆቹ አጉረመረሙ፣ እኛም ደስ አላለንም። ጠዋት ያ ሜዳ ኩሬ ሆኖ ነው ያገኘነው።

ከጅረት ራቅ ማለት ሌላም ጥቅም አለው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ሌሊት ወደ ሸለቆው ግርጌ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያደረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከፍ በሉ ስል ግን ተራራው ጫፍ ድረስ ውጡ ማለቴ አይደለም፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል፣ ነፋሱም ይበረታል። ደግሞ ወደ ላይ ማየት አትርሱ። የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ከሥሩ ድንኳን አይተከልም።

ድንኳኑን መትከል ስንጀምር አንዱን ምሰሶ ሳጎብጠው ጧ አለና ተሰነጠቀ። ለዚህ የሚሆን ነገር አለ፣ ከምሰሶው ትንሽ ሰፋ ያለች አጭር ቱቦ ናት፣ ስብራቱ ላይ ታስገቧትና በፕላስተር ታስሯታላችሁ። እኛ ጋ አልነበረችም። አንድ ካስማ ወስደን ከስንጥቁ ጎን አስደግፈን፣ ሰው እጁ ሲሰበር በእንጨት እንደሚታሰረው አድርገን በወፍራም ፕላስተር ጠመጠምነው። የተሰነጠቀው ጫፍ ስለት ስላለው ጨርቁን እንዳይቀደው በደንብ መሸፈን አለበት። ፕላስተር ደግሞ ሙሉ ጥቅል መያዝ አያስፈልግም፣ ውሃ መያዣችሁ ላይ ጥቂት ዙር ጠምጥማችሁ ብትሄዱ ይበቃል።

ይህን እያሰርን ሳለ ትንሹ ጅረቱ ዳር ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ገባ። ውሃው ጥልቅ አልነበረም፣ ባለቤቴ አጠገቡ ስለነበር ወዲያው አወጣው። ግን ጫማው፣ ሱሪው፣ ካልሲው ሁሉ ውሃ ሆነ፣ ዝናቡም ልክ ያኔ ጀመረ።

እንዲህ ሲደራረብ ሁሉም ነገር እኩል አስቸኳይ ይመስላል። ድንኳኑ አልቆመም፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ እራት የለም፣ ዕቃው እየረጠበ ነው። ያኔ ነው ከባለቤቴ ጋር «አንድ በአንድ» የተባባልነው። መጀመሪያ ሰውን ማድረቅ። ቀጥሎ ማሞቅ። ከዚያ ሆድ። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል። ማን ምን ረሳ የሚለው ወሬ ደግሞ እስከ ጠዋት እንዳይነሳ ተስማማን፣ ይህ ስምምነት ከማናቸውም ዕቃ በላይ ጠቅሞናል ባይ ነኝ።

ልጁን መኪና ውስጥ አስገብተን ልብሱን ከላይ እስከ ታች ቀየርን። «ትንሽ ነው የረጠበው፣ ሰውነቱ ላይ ይደርቃል» የሚባለውን አትስሙ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ጥጥ ልብስ ደግሞ ውሃውን ይዞ ይቆያል። ልጆች ከክብደታቸው አንጻር የቆዳቸው ስፋት ብዙ ስለሆነ ከአዋቂ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። መንቀጥቀጥ ሰውነቱ ራሱን ለማሞቅ እየታገለ ነው ማለት ነው። የሚያስፈራው ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ከተደናቀፈ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ወይም ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ጉዳዩ የሕክምና ነው፣ ካምፒንጉ እዚያው ላይ ያበቃል። የእኛ ልጅ እዚያ አልደረሰም። ደረቅ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያና የአያቱ እቅፍ በቂ ሆኑለት።

ደረቅ ልብሱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከዚህ ጉዞ የማልተወው አንድ ልማድ እሱ ነው። ከቤት ስንነሳ የመኝታ ነገር በሙሉ፣ ስሊፒንግ ባጎቹ፣ የሁሉም ሰው አንድ አንድ ቅያሬ ልብስ፣ ካልሲና ኮፍያ፣ በወፍራም የቆሻሻ ፌስታል ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ለብቻው ነበር። ደንቡ ይህ ነው፦ ቀን ላይ ምንም ቢሆን አይከፈትም። ሹራብ ጠፋብኝ ተብሎ አይከፈትም። ትራስ ፈለግሁ ተብሎም አይከፈትም። ሌላው ሻንጣ ሁሉ ያን ቀን ረጥቧል፣ ያ ፌስታል ግን ደረቅ ነበር። ልጁ ውሃ ሲገባ ብቻ የእሱን ልብስ አወጣንና መልሰን አሰርነው።

ከዚያ ነጎድጓዱ መጣ። ብዙ ሰው ድንኳን ከመብረቅ የሚያስጥል ይመስለዋል። አያስጥልም። መኪና ግን ያስጥላል፣ የሚከላከለው ዙሪያውን የከበበው ብረት እንጂ ጎማው አይደለም። ስለዚህ የቆመውን ድንኳን ትተን ሁላችንም መኪናው ውስጥ ገባን፣ መስኮቱን ዘጋን። ትልቋ ልጄ ፈርታ ስለነበር ሥራ ሰጠኋት፦ ብልጭታውን ስታዪ መቁጠር ጀምሪ፣ ድምፁን ስትሰሚ አቁሚ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሦስት ሴኮንድ በግምት አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችል ርቀት ላይ ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ በመሃል አንዴ ካጉረመረመ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ልጄ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ «ስድስት… ሰባት…» እያለች ቆጠረች፣ ወንድሟም ተከተላት። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ እየራቀ መሆኑን ራሷ አስረዳችን። ፍርሃቷ የት እንደገባ አላውቅም። ልጅ የሚያከናውነው ነገር ሲኖረው በጣም ይረጋጋል፣ «አትፍሪ» ማለት ብቻውን ግን ምንም አይሠራም።

ነጎድጓዱ ሲርቅ ዝናቡ አልቆመም ነበር። ሸራ ወጥረን ምድጃውን ከሥሩ አደረግን። ምድጃው ግን እምቢ አለ፣ ነበልባሉ ጭል ጭል ይላል እንጂ ውሃ አያሞቅም። የጋዝ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቡቴን የሚባለው ጋዝ ብቻ ነበር። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፣ ጋዙ ሲወጣ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ውጭው በረዶ ባይሆንም ቀዝቀዝ ባለ ሌሊት ይደክማል። ፕሮፔን የሚባለው ሌላ ጋዝ የተቀላቀለበት ይሻላል፣ ፕሮፔን ራሱ ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ድረስ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። እኛ ቆርቆሮውን ነቅለን ባለቤቴ ጃኬቱ ውስጥ አቅፎ አሞቀውና መልሰን ገጠምነው፣ ሾርባው ፈላ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆምም ይቻላል። እሳት ላይ ማሞቅ ግን በፍጹም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ያን ጊዜ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ የማስገባት ፈተና ከባድ ነበር። ልጆች በርዷቸዋል፣ ዝናብ ነው፣ ውስጡ በአንዴ ይሞቃል። እባካችሁ አታድርጉት። ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ከሰልም ያው ነው፣ ፍም ብቻ ሆኖ ሲታይ እንኳ። እሳቱ እንዳይነካን ተብሎ ጥግ ላይ ማስቀመጡም ለውጥ የለውም።

የመኝታው ነገር ላይ ሌላ ችግር ገጠመን። የእኔና የባለቤቴ በአየር የሚነፋው ፍራሽ ተነፈሰ። ስሊፒንግ ባግ ጥሩ ከሆነ መሬት ላይ መተኛት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ግን ከሥራችን ያለው የባጉ ክፍል በክብደታችን ይጨፈለቃል፣ በውስጡ አየር ሳይኖር ደግሞ ሙቀት አይይዝም፣ መሬቱ ሙቀታችሁን ሲጠጣው ያድራል። የመኪናውን ምንጣፎች ነቅለን አነጠፍን፣ በላያቸው ባዶ የጀርባ ቦርሳዎችን ደረብን። ምቾት የለውም፣ ግን ብርዱን ቆረጠው። ለልጆቹና ለእናቴ ደግሞ ውሃ መያዣዎችን ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ ክዳናቸውን ሁለቴ አረጋግጠን፣ ካልሲ አልብሰን እግራቸው ሥር አደረግንላቸው።

የድንኳኑን የአየር መግቢያ ሁሉ መዝጋት ደግሞ የሚያሞቅ ይመስላል፣ ጠዋት ግን ጣሪያው ያንጠባጥብባችኋል። የሰው ትንፋሽ እርጥበት ስላለው መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። ትንሽ ክፍት አድርጋችሁ ኮፍያ ብታደርጉ ይሻላል።

አደርን። ልጆቹ እስኪነጋ ተኙ።

ጠዋት ላይ ዝናቡ አቁሞ ነበር። የመጠጥ ውሃችን ስላለቀ ከጅረቱ ቀዳን፣ ከዝናቡ በኋላ ደፍርሷል። እስኪጠል አስቀመጥነው፣ ከላይ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልነው፣ ከዚያ አፈላነው። በደንብ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ግን ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም እዚያ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ በረዶው ቀልጦ ሥጋው ለብ ብሎ ስላገኘነው ጣልነው። ያሳዝናል፣ ግን መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቦታ የልጅ ሆድ ሲታመም ማየት የበለጠ ያሳዝናል።

ከዚያ ተቀምጠን እንመለስ ወይስ እንቆይ ብለን ተነጋገርን። የጠየቅነው ቀላል ነገር ነው። ዛሬ ማታ ሁሉም ሰው የሚተኛበት ደረቅ ነገር አለው? ውሃና ምግብ አለን? የታመመ አለ? አንዱ እንኳ ቢጎድል እንሄድ ነበር። መኝታው ደረቅ ስለነበር ቆየን። መጠባበቂያ ጎማ ግን ከእንግዲህ የለንም፣ ስለዚህ ስንመለስ ጨለማ ውስጥ ላለመንዳት የምንነሳበትን ሰዓት አስቀድመን ቆረጥን፣ ትልቋም ሰዓት አስታዋሽ ሆነች። ያን ቀን ልጆቹ ከኩሬው እንቁራሪት ሲፈልጉ ዋሉ፣ እናቴም ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ስታገላብጥ።

ቤት እንደገባን መጀመሪያ የሠራነው ድንኳኑን ዘርግቶ ማድረቅ ነው። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። የተሰነጠቀችውን የምሰሶ ክፍል ቀየርን፣ ያቺን አጭር ቱቦ ገዝተን ከካስማዎቹ ጋር አስቀመጥን። ፍራሹን ነፍተን ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ቀባነው፣ አረፋ ከሚወጣበት በኩል ቀዳዳውን አግኝተን ለጠፍነው። አሁን ከመውጣታችን በፊት አንድ ምሽት መብራት አጥፍተን በግንባር ባትሪ ብቻ ድንኳኑን ግቢ ውስጥ እንተክለዋለን። የመኝታውን ፌስታል የምታስረው ትልቋ ናት፣ ትንሹ ደግሞ ካልሲው መኖሩን በእጁ ዳብሶ ሳያረጋግጥ እንድታስረው አይፈቅድላትም።